ኤሪክ ሊድል፦ ከዚያች እሑድ ወዲህ ስላለው ሕይወቱ የሚወራውና እውነታው

ስለ ስኮትላንዳዊው ሯጭና ሚስዮናዊ ኤሪክ ሊድል አብዛኛው ሰው የሚያውቀው አንድ ነገር ነው። በ1924ቱ የፓሪስ ኦሊምፒክ የ100 ሜትር ማጣሪያው እሑድ ላይ ስለዋለ አልሮጥም አለ። ይህ እውነት ነው። በዙሪያው ከሚወራው ውስጥ ግን መታረም ያለበት አለ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

«ማጣሪያው እሑድ መሆኑን የሰማው ወደ ፓሪስ ሲሄድ ነው።»
ይህን ያስፋፋው ስለ እሱ የተሠራው «ቻሪዮትስ ኦፍ ፋየር» የተባለው ፊልም ነው። ሊድል ፕሮግራሙን ከወራት በፊት ያውቅ ነበር። ስለዚህ ለ200 እና ለ400 ሜትር ተዘጋጀ። በ200 ነሐስ፣ በ400 ደግሞ በ47.6 ሰከንድ ወርቅ አገኘ።

«መሥዋዕትነቱ ያቺ ሩጫ ናት።»
እኔ የማልስማማው እዚህ ላይ ነው። አንዱን ሩጫ ትቶ በሌላው ወርቅ ያጠለቀ ሰው ብዙም አልጎደለበትም። ብዙ ያጣው በኋላ ነው። በ1925፣ ስሙ በገነነበት ሰዓት፣ ቻይና ገባ። ቲያንጂን ከተማ በአንድ ኮሌጅ ለዓመታት ሳይንስ አስተማረ። ጃፓን ቻይናን ስትወር ደግሞ ወንድሙ በሐኪምነት ወደሚሠራበት፣ ጦርነት ወደሚያምሰው ገጠር ወረደ። በ1941 ነፍሰ ጡር ሚስቱን ፍሎረንስንና ሁለት ሴት ልጆቹን ወደ ካናዳ ሸኝቶ እሱ ቀረ። ሦስተኛዋ ልጅ እዚያ ተወለደች። አባቷ ዓይኗን ሳያይ ሞተ።

«ጃፓኖች ገደሉት።»
አልገደሉትም። በ1943 ከሌሎች የውጭ ዜጎች ጋር ዌይሺየን በሚባል ካምፕ አጎሩት። ምግቡ አያጠግብም፣ ቦታው ጠባብ ነው። እሱ ልጆች ያስተምራል፣ ስፖርት ያዘጋጃል፣ ለአቅመ ደካሞች ውሃ ይቀዳል። ሕመም ሲጀምረው ጭንቀት ያደከመው መስሏቸው ነበር። ፌብሩዋሪ 21 ቀን 1945 በ43 ዓመቱ ሞተ። የአንጎል ዕጢ እንደነበረው የታወቀው አስከሬኑ ሲመረመር ነው። ካምፑ በዚያው ዓመት ኦገስት 17 ነጻ ወጣ።

«በሰንበት ጉዳይ ፍንክች አይልም ነበር።»
ስለራሱ ከሆነ፣ አዎ። ካምፑ ውስጥ ግን ወጣቶቹ እሑድ ሆኪ መጫወት ፈለጉ። መጀመሪያ አልተስማማም። እነሱም ያለ ዳኛ ተጫወቱና ነገሩ በድብድብ አለቀ። በሚቀጥለው እሑድ ሊድል ራሱ ወጥቶ ዳኘ። ለወርቅ ያልሻራትን ሰንበት ልጆች እንዳይጣሉ ብሎ ሻራት። ሰባኪ ነን ባዮች ይህችን ታሪክ እምብዛም አያነሷትም።

«ለቻይና ባዕድ ነበር።»
የተወለደው እዚያው ቲያንጂን ነው፣ በ1902፣ ከሚስዮናውያን ወላጆች። እንዲያውም በቻይና የመጀመሪያው የኦሊምፒክ ወርቅ ባለቤታችን እሱ ነው የሚሉ አሉ። ስኮትላንዶች ግን ሰባት ጊዜ በራግቢ የወከላቸውን ሰው እንዲህ በቀላሉ የሚለቁ አይመስለኝም።