«ይግባኝ እላለሁ!» ለምትሉ አብራሪዎች

አሜሪካ በረራ የሚማር ወይም ከአገር ቤት ላይሰንስ ይዞ የመጣ ሐበሻ ከአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር (ኤፍኤኤ) ደብዳቤ ሲደርሰው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። «ጎበዝ ጠበቃ ታውቃለህ?» የበረራ አስተማሪ ነኝ እንጂ ደላላ አይደለሁም። ደግሞም አብዛኛውን ጊዜ የሚያስፈልገው ሐኪም ነው። እስቲ ደጋግሜ የምሰማውን ጽፌ ልገላገል።

«ሐኪሙ ፋይሌን ኦክላሆማ ላከው፤ ተከለከልኩ»

አልተከለከልክም። የአቪዬሽን ሐኪሙ ሜዲካሉን (ለማብረር ጤናህ እንደሚፈቅድ የሚመሰክረውን ወረቀት) ሊሰጥህ፣ ሊከለክልህ፣ ወይም ውሳኔውን ኦክላሆማ ሲቲ ላለው የኤፍኤኤ የሕክምና ክፍል ሊያስተላልፍ ይችላል። መተላለፍ ማለት ገና አልተወሰነም ማለት ነው። ተጨማሪ ማስረጃ የሚጠይቅ ደብዳቤ ይመጣል። እሱን ዝም ካልክ ግን ዝምታህ ራሱ ያስከለክልሃል። አድራሻ ስትቀይር አስታውቅ፤ ደብዳቤው የድሮ አከራይህ ጋ እንዳይቀር።

«መነጽር ያደረገ አብራሪ አይሆንም»

ይሆናል። በመነጽሩ በደንብ ካየ አለቀ።

«የድሮ በሽታዬን ካልጻፍኩ ማን ያውቃል?»

የሜዲካል ማመልከቻው ፎርም ላይ ሆን ብሎ መዋሸት የፌዴራል ወንጀል ነው። እስከ 5 ዓመት እስራትና እስከ 250,000 ዶላር ቅጣት አለው። ሌላ ምን ልበል?

«ኤንቲኤስቢ ሄጄ አስፈርድባቸዋለሁ»

ይቺ ናት የምታቃጥለኝ።

መጀመሪያ ነገር ቅደም ተከተል አለው። የአቪዬሽን ሐኪሙ ከከለከለህ የፌዴራሉ ዋና የአቪዬሽን ሐኪም ጉዳዩን እንደገና እንዲያየው በ30 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ትጠይቃለህ። ካልጠየቅህ ማመልከቻህን እንደተውከው ይቆጠራል። የኤፍኤኤ የመጨረሻ ክልከላ ሲደርስህ ነው በ60 ቀን ውስጥ ወደ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ፣ ወደ ኤንቲኤስቢ፣ የሚኬደው። እዚያ ዳኛ ይሰማሃል። የማስረዳት ሸክሙ ግን ያንተ ነው።

ዳኛው የሚያየው መስፈርቱን ማሟላት አለማሟላትህን ብቻ ነው። ጎበዝ አብራሪ መሆንህ፣ ለትምህርቱ የተበደርከው ብር፣ ቤተሰብ ማስተዳደርህ አይገባበትም። ደንቡ 15 የጤና ሁኔታዎችን በስም ጠርቶ ይከለክላል። የሚጥል በሽታ፣ ባይፖላር፣ ሕክምና ያስፈለገው የልብ ደም ሥር በሽታ፣ የተቀየረ የልብ ቫልቭ ከነዚህ ውስጥ ናቸው። አንዱ ካለብህ ምን ብለህ ትከራከራለህ?

ልቡ ላይ ስቴንት (የጠበበ የደም ሥር የሚከፍት ቱቦ) የገባለት አንድ ወዳጄ ይህንኑ ለመስማት ለጠበቃ ከፍሏል። መጨረሻ ላይ ያወጣው ስፔሻል ኢሹአንስ የሚባለው ልዩ ፈቃድ ነው። የልብ ምርመራህን ታቀርባለህ፤ ካሳመናቸው ጊዜ የተቆረጠለት ሜዲካል ይሰጡሃል፤ እሱም በአዲስ ምርመራ ይታደሳል። ይህን መስጠትና መንፈግ የኤፍኤኤ ሥልጣን ነው። ኤንቲኤስቢ «ስጡት» ብሎ አያዝም።

ሌላ ተማሪዬ ደግሞ ልጅ እያለ በሑዳዴ ቅዳሴ ላይ ራሱን ስቶ ወድቋል። ፎርሙ በሕይወትህ ራስህን ስተህ ታውቃለህ ወይ ብሎ ይጠይቃል። አዎ ብሎ ሞላ፤ ደግ አደረገ። ደብዳቤው ሲመጣ ግን «እከሳለሁ!» አለ። ማንን? ደንቡ የሚከለክለው ምክንያቱ በሕክምና በቂ ማብራሪያ ያልተገኘለትን ራስን መሳት ነው። የእናቱ ማብራሪያ ደግሞ «ጾም ነው፤ ጠበል ተጠምቆ ተሻለው» የሚል ነበር። ከአዲስ አበባ ካርድ ክፍል ዘመድ በቴሌግራም የላከው ፎቶ አይነበብም። እዚህ የልብና የነርቭ ሐኪሞች አይተውት ምክንያቱን ጽፈው ፈረሙ። ሜዲካሉ መጣ። ዳኛ ፊት አልቆመም።

የጤና ታሪክ ካለህ ፎርሙን ከማስገባትህ በፊት የአቪዬሽን ሐኪም ጋ ለምክር ብቻ ሂድ። ማመልከቻህን ለምርመራ አንዴ ከከፈተው ወደኋላ የለም። ከተከለከልክ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ያለው፣ ያለ ኤፍኤኤ ሜዲካል ለማብረር የሚያስችለው ቤዚክሜድም ይዘጋብሃል። ስለዚህ ወረቀትህን ሰብስበህ ግባ።

«የኢካኦ ላይሰንስ አለኝ፤ የትም ያስበርረኛል»

ኢካኦ፣ ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት፣ ላይሰንስ አይሰጥም። ሞንትሪያል ተቀምጦ መለኪያ ያወጣል፤ ላይሰንስ የሚሰጠው አገር ነው። ኢትዮጵያም በፈረመችው እ.ኤ.አ. በ1944ቱ የቺካጎ ስምምነት መሠረት የኢትዮጵያ ላይሰንስህ በኢትዮጵያ በተመዘገበ አውሮፕላን ላይ ውጭ አገርም ይሠራል። አሜሪካ የተመዘገበ አውሮፕላን ግን እዚህ ለማብረር የአሜሪካ ሰርተፍኬት ይፈልጋል። በውጭ ላይሰንስ ላይ ተመሥርቶ ያለ በረራ ፈተና የሚሰጥህ የግል አብራሪነት ብቻ ነው። ኮሜርሻል (ተከፍሎህ የምታበርበት) ካልክ በጽሑፍም በበረራም ትፈተናለህ። አገር ቤት የበረርከው ሰዓት ግን ይቆጠርልሃል።

እዚህም ላይ ይግባኝ የሚል አይጠፋም። ኤፍኤኤ መጀመሪያ ላይሰንስህ ትክክለኛ መሆኑን የኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣንን ይጠይቃል። መልሱ ቢዘገይ ማን ወስኖብህ ነው ይግባኝ የምትለው? አዲስ አበባ ደውል፤ ካልሆነም ቢሮው ድረስ ሄዶ የሚጠይቅልህ ሰው ፈልግ። ማረጋገጫው የሚያገለግለው ለ6 ወር ስለሆነ እንደመጣ ቀጠሮህን ያዝ። የአገር ቤቱ ላይሰንስ ከታገደ በእሱ ላይ የተመሠረተውም አይሠራም፤ ያም የሚስተካከለው አዲስ አበባ ነው።