በብሪታንያ ምግብ ቤቶች ሒሳብ ላይ የሚጨመረው የአገልግሎት ክፍያ ግዴታ ነው?

ለንደንን ሊጎበኙ የሚሄዱ ወገኖቻችን ደጋግመው የሚጠይቁት፣ በምግብ ቤት ሒሳብ መጨረሻ ላይ ብዙ ጊዜ የሚታየው 12.5 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ የግድ ይከፈል እንደሆነ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የአገልግሎት ክፍያና ተጨማሪ እሴት ታክስ በዋጋው ላይ ሲደመሩ ማየት ስለለመድን፣ እዚያም ሁለቱ እኩል ግዴታ ይመስሉናል። በብሪታንያ ግን ታክሱ በምግብ ዝርዝሩ ላይ በተጻፈው ዋጋ ውስጥ አስቀድሞ የተካተተ ሲሆን፣ የአገልግሎት ክፍያው በደንበኛው ፈቃድ የሚከፈል መሆኑ ከተገለጸ ሊቀር ይችላል።

ለምሳሌ የ40 ፓውንድ ምግብ የበላ ሰው 45 ፓውንድ የሚል ሒሳብ ቢመጣለት፣ አምስቱ ፓውንድ እንዲነሳለት አስተናጋጁን በትሕትና መጠየቅ ይችላል፤ ምክንያት የማቅረብ ግዴታም የለበትም። ከከፈለ ደግሞ፣ የካርድ ማሽኑ እንደገና ቢጠይቀው እንኳ፣ ሌላ ጉርሻ እንዲጨምር አይጠበቅበትም። ገንዘቡ የባለቤቱ ኪስ ይገባል ብለው የሚሠጉ አሉ፤ ሆኖም ከኦክቶበር 1 ቀን 2024 ጀምሮ በእንግሊዝ፣ በስኮትላንድና በዌልስ በሚሠራው ሕግ መሠረት አሠሪው ለሠራተኞቹ ማከፋፈል አለበት።

የሚለያየው መጠኑና ልማዱ ነው። አንዳንዱ ቤት 10፣ ሌላው 15 በመቶ ይጠይቃል፤ ብዛት ላለው ቡድን ብቻ የሚጨምሩም አሉ። ባንኮኒ ላይ ታዝዞ ወዲያው በሚከፈልባቸው ፐቦች (የብሪታንያ መጠጥ ቤቶች) ግን ጉርሻ መስጠት እምብዛም አልተለመደም።