ቀጣሪን ማጥናት ምንድን ነው?

ሠራተኛ የሚቀጥር ድርጅት ስለ አመልካቹ የማይጠይቀው ነገር የለም። የትምህርት ማስረጃ፣ የሥራ ልምድ ደብዳቤ፣ ከቀድሞ መሥሪያ ቤት መልቀቂያ ይጠይቃል፤ ሥራው ገንዘብና ንብረት የሚያስይዝ ከሆነ ደግሞ በቂ ዋስ። አመልካቹ በበኩሉ ስለ ቀጣሪው የሚያውቀው ብዙውን ጊዜ ማስታወቂያው ላይ ያነበበውን ብቻ ነው፤ እዚያም ላይ ደመወዙ «በስምምነት» ተብሎ ታልፏል። ቀጣሪን ማጥናት ማለት ለቃለ መጠይቅ ከመቅረብ በፊት ድርጅቱ በሕግ ማን እንደሆነ፣ ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣና ሠራተኞቹን እንዴት እንደሚይዝ ማጣራት ነው።

ብዙዎች ግን ነገሩን እንደ ፈተና ሽምደዳ ይረዱታል። «ስለ ድርጅታችን ምን ያውቃሉ?» የሚለው ጥያቄ እንደማይቀር ስለሚያውቁ ራዕዩን፣ ተልዕኮውንና እሴቱን ከድረ ገጹ ላይ በቃላቸው ይዘው ይገባሉ። ጠያቂዎቹ ያንኑ ጽሑፍ ግድግዳቸው ላይ ሰቅለው ዘወትር ያዩታል፤ አንድ እንግዳ መልሶ ሲያነበንብላቸው ምን ይጠቅማቸዋል? ዋናው ተጠቃሚ አመልካቹ ራሱ መሆን አለበት።

መነሻው ስም ነው። በማስታወቂያው ላይ የሚታወቀው የንግድ ስምና በሥራ ውሉ ላይ የሚሰፍረው ስም ላይገናኙ ይችላሉ። ጥበቃና ጽዳትን የመሳሰሉ ሥራዎችን በሦስተኛ ወገን የሚያሠሩ ድርጅቶች ጥቂት አይደሉም፤ ሠራተኛው የባንክ ሕንፃ ውስጥ ሲውል ደመወዙን የሚከፍለውና የሚያሰናብተው ሌላ ኤጀንሲ ነው። ሙሉ ስሙ ከታወቀ በኋላ ድርጅቱ የንግድ ፈቃድ ያለው መሆኑን በንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ድረ ገጽ ላይ በግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩ ማየት ይቻላል። ቁጥሩን ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ድርጅቱ ለደንበኞቹ በሚሰጠው ደረሰኝ ላይ ታትሟል።

ለጥናት የሚመቹት ባንኮች ናቸው፤ ሒሳባቸው በውጭ ኦዲተር ተመርምሮ ይታተማል። በሰኔ የተዘጋው የበጀት ዓመት ሪፖርት አብዛኛውን ጊዜ በኅዳርና በታኅሣሥ በሚካሄዱት የባለአክሲዮኖች ጉባኤዎች ላይ ይቀርባል። የቦርድ ሰብሳቢውን መልዕክትና የሪባን መቁረጥ ፎቶግራፎችን በፍጥነት አልፎ ወደ ቁጥሮቹ መግባት ነው። የሁለት ተከታታይ ዓመታት ሪፖርቶች ጎን ለጎን ሲቀመጡ የቅርንጫፎች ብዛት፣ የሠራተኞች ብዛት፣ የደመወዝና የጥቅማ ጥቅም ወጪ እንዲሁም የተበላሸ ብድር እንዴት እንደተለወጡ ይታያል። ቅርንጫፉ በብዙ ጨምሮ የሠራተኛው ቁጥር እምብዛም ካልጨመረ፣ ሥራው በማን ትከሻ ላይ እንደወደቀ መገመት አያዳግትም። የተከፈለ ካፒታሉንም፣ ማለትም ባለአክሲዮኖቹ ከፍለው ያዋጡትን ገንዘብ፣ ማየት ይገባል። ብሔራዊ ባንክ በ2013 ባወጣው መመሪያ ነባር ባንኮች እስከ ሰኔ 2018 ድረስ ካፒታላቸውን 5 ቢሊዮን ብር እንዲያደርሱ አዟል፤ መጠኑን ማሟላት የከበደው ባንክ የመዋሃድ ጉዳይ ሊነሳበት ይችላል፤ ውህደት ሲመጣ ደግሞ ተደራራቢ የሥራ መደቦች መኖራቸው አይቀርም።

ከዚህ ንባብ የሚወጣው ጥያቄ ከሽምደዳው ይለያል። «አምና ብዙ ቅርንጫፎች ከፍታችኋል፤ አዲስ ቅርንጫፍ ላይ ለሚመደብ ጀማሪ ሠራተኛ የተቀማጭ ገንዘብ የማሰባሰብ ግብ ይሰጠዋል? ግቡን ባያሳካስ?» ይህን የሚጠይቅ ሰው ሪፖርቱን ማንበቡን መናገር አያስፈልገውም።

ግብረ ሰናይ ድርጅት ከሆነ ጥያቄው ሌላ ነው፦ ፕሮጀክቱ በማን ገንዘብ፣ እስከ መቼ ይቆያል? በጥር 2017 የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታውን ሲያግድ በዚያ ገንዘብ ላይ በተመሠረቱ ፕሮጀክቶች የተቀጠሩ በርካታ ኢትዮጵያውያን ከሥራቸው ተፈናቅለዋል። ድርጅቱ በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን መመዝገቡ ጥሩ ነው፤ ለደመወዝ ግን ወሳኙ የለጋሹ ውል የሚያበቃበት ቀን ነው።

ወረቀት የማይናገረውን ሰው ይናገራል። ሪፖርት የማያትም የቤተሰብ ኩባንያ ከሆነማ ያለው መንገድ ይኸው ብቻ ነው። የሚሻለው ድርጅቱን በቅርቡ የለቀቀ ሰው ፈልጎ ማነጋገር ነው። «ጥሩ መሥሪያ ቤት ነው?» ብሎ መጠየቅ ግን የሚያስገኘው ወይ ወቀሳ ወይ ውዳሴ ነው። ይልቅ ደመወዝ በወሩ በስንተኛው ቀን ይገባል? ከሠራተኛው የሚቆረጠው 7 በመቶ የጡረታ መዋጮ ከአሠሪው 11 በመቶ ጋር በየወሩ ገቢ ይደረጋል? ዓመት ፈቃድ ሲጠየቅ ይሰጣል? እኔ በምወዳደርበት ቦታ ከዚህ በፊት ማን ነበር፣ ለምንስ ለቀቀ? የመጨረሻው ጥያቄ ቃለ መጠይቁ ላይ ለራሳቸው ለጠያቂዎቹም ቢቀርብ ነውር የለበትም፤ እንዲያውም አመላለሳቸው ከመልሱ በላይ ይናገራል። አንድ የተቀየመ ሰው የተናገረውን ግን ብቻውን እንደ ማስረጃ አልወስደውም፤ ሦስት የማይተዋወቁ ሰዎች አንድ ዓይነት ነገር ካሉ ያኔ እህ ብሎ መስማት ነው።

ችግር መገኘቱ ሁሌ ሥራውን ለመተው አያበቃም፤ ቤት ኪራይ ለሚጠብቀው ሰው ምርጫው ጠባብ ነው። ያወቀ ሰው ግን ቢያንስ የሚጠይቀውን ያውቃል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት ሊበልጥ አይችልም፤ ስምምነቱም በጽሑፍ መሆን አለበት። የሙከራ ጊዜውን እንደፈለገው ያራዝማል የሚባል ቀጣሪ ዘንድ የሚገባ አመልካች ይህን አንቀጽ ይዞ ቢገባ ይሻላል።

ጥሪው ብዙ ጊዜ በዋዜማው ይመጣል፦ «ነገ ጠዋት በ3 ሰዓት ለቃለ መጠይቅ ይቅረቡ።» ለብዙ ቦታ ያመለከተ ሰው በድንጋጤ «እሺ» ብሎ ስልኩን ከመዝጋቱ በፊት የድርጅቱን ሙሉ ስም፣ የሥራ መደቡንና የቢሮውን ትክክለኛ አድራሻ ቢጠይቅ ለአንድ ምሽት ጥናት ይበቃዋል። ደዋዩ የግል ሥራና ሠራተኛ አገናኝ ነኝ ብሎ «ለምዝገባ ይህን ያህል ብር ያስገቡ» ካለ ግን ሌላ ማጣራት አያስፈልግም። ያው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ የግል ሥራና ሠራተኛ አገናኝ ኤጀንሲን የሚተረጉመው ከሠራተኛው በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ክፍያ ሳይቀበል አገልግሎት የሚሰጥ ብሎ ነው።