ስለ ሴክሽን 8 ከሰው የሰማናቸው ስህተቶች

ዲሲና አካባቢው የገባ ሐበሻ ሥራ ባገኘ ማግስት የሚያስጨንቀው የቤት ኪራይ ነው። ምክሩም ይጎርፍለታል፤ በተለይ መንግሥት ኪራይ ስለሚደጉምበት ስለ ሴክሽን 8። አንዱ «ሴክሽን 8 ሙላ፣ ይሰጡሃል» ይለዋል፤ ሌላው «እሱ ለሚሠራ ሰው አይደለም» ይላል። ሁለቱም ተሳስተዋል።

«ገቢው አነስተኛ ለሆነ ሁሉ ይሰጣል»

ፉድ ስታምፕ (የመንግሥት የምግብ ድጎማ) መስፈርቱን ላሟላ ሁሉ ይሰጣል። የኪራይ ድጎማ ግን ኮንግረስ በየዓመቱ የሚመድበው ገንዘብ ሲያልቅ ያልቃል፤ በመላ አሜሪካ ከሚገባቸው ቤተሰቦች የሚያገኙት ከአራቱ አንዱ ያህል ናቸው። የዲሲ ሃውሲንግ ኦቶሪቲ (ድጎማውን የሚያስተዳድረው የቤቶች መሥሪያ ቤት) እ.ኤ.አ. በ2013 ዌይቲንግ ሊስቱን፣ ማለትም የተራ መዝገቡን፣ ሲዘጋ ከ70,000 በላይ ስም ሰፍሮበት ነበር። ፎርም መሙላት ወረፋ ያስይዛል እንጂ ቤት አያስገባም።

«ሴክሽን 8፣ ሎው ኢንካም፣ የመንግሥት ቤት፣ ሁሉም ያው ነው»

ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። የመንግሥት ቤት የሚባለው የአካባቢው ሃውሲንግ ኦቶሪቲ ራሱ የሚያከራየው ነው። ሴክሽን 8 ሲባል ደግሞ ብዙውን ጊዜ ቫውቸሩ፣ ማለትም የኪራይ ድጎማ ማረጋገጫው፣ ነው፦ ቤቱን ከግል አከራይ ፈልጋችሁ ትከራያላችሁ፣ ኦቶሪቲው ድርሻውን በቀጥታ ለአከራዩ ይከፍላል። በሁለቱም የተከራዩ ድርሻ በግምት የገቢው 30 በመቶ ነው። ፕሮግራሙ የሚፈቅደው ተቀናሽ ወጥቶ በወር 2,000 ዶላር የሚቀረው ቤተሰብ ወደ 600 ዶላር ይከፍላል። የሥራ ሰዓት ተቀንሶበት ገቢው ከወረደ አስታውቆ ድርሻውን ማስቀነስ ይችላል።

ሦስተኛው በ1986 በወጣው የታክስ ክሬዲት (ለገንቢዎች ግብር የሚቀንስ) ሕግ የሚሠሩት አፓርታማዎች ናቸው፤ እኛ «ሎው ኢንካም» የምንላቸው። የኪራዩ ጣሪያ የሚወጣው ከአካባቢው መካከለኛ ገቢ ተነስቶ ስለሆነ ሥራ ብታጡም አይወርድላችሁም። ይህ ለብዙዎች ድንገተኛ ዱብ ዕዳ ነው። በሌላ በኩል ሕንፃዎቹ ተራ የሚይዙት ለየራሳቸው ነው፤ የኦቶሪቲው መዝገብ ተዘጋ ማለት እዚያ በሩ ተዘጋ ማለት አይደለም። ከገባችሁ በኋላ ገቢያችሁ ቢያድግ በዚያ ሰበብ አያስወጧችሁም። ቫውቸር ያለውንም ሰው ቫውቸር በመያዙ ብቻ ሊመልሱት አይችሉም። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ አዲስ የመጣ ሰው ቀድሞ ማንኳኳት ያለበት የእነዚህን ሕንፃዎች ቢሮ ነው።

«የሚሠራ ሰው አይገባውም»

የሚታየው የቤተሰቡ ብዛትና አጠቃላይ ገቢው ነው፤ ሙሉ ቀን እየሠራ ከገቢ ጣሪያው በታች የሚሆን ሞልቷል። ኡበር የሚነዳ ሰው ቫውቸር ሲጠይቅ የሚሰላበት ከሥራው ወጪ በኋላ የሚቀረው ነውና የቤንዚን ደረሰኙን አይጣል። አዲስ አበባ ያለችው ኮንዶሚኒየምም ንብረት ናት፤ ስለ ንብረት ሲጠየቅ መጻፍ አለባት። «ማን ያውቅብሃል?» የሚለው መካሪ ድጎማው ሲቋረጥ አጠገባችሁ አይገኝም።

«ዜጋ ካልሆኑ አይቻልም»

ግሪን ካርድ ያለው፣ በስደተኛነት የገባና ጥገኝነት የተፈቀደለት ለቫውቸርም ለመንግሥት ቤትም ማመልከት ይችላል። የጥገኝነት ማመልከቻው ገና በመታየት ላይ ያለ ሰው ግን ማመልከቻው ብቻ አያበቃውም።

«አከራዩ ቫውቸር አልቀበልም ካለ አለቀ»

በዲሲ እንዲህ ብሎ መከልከል ሕገ ወጥ ነው። ሜሪላንድና ቨርጂኒያም በ2020 ከልክለውታል፤ ቨርጂኒያ ግን ጥቂት ቤት ብቻ ያላቸውን አከራዮች ነጻ ታደርጋለች። አከራዩ እንደ ማንኛውም አመልካች የኪራይ ታሪካችሁን መመርመር ይችላል። መልስ ሲዘገይ ዝም ብላችሁ አትጠብቁ፤ ቫውቸሩ የቤት መፈለጊያ ቀን ተቆርጦለት የሚሰጥ ነው፣ መነሻው 60 ቀን ነው።

«አስመዝጋቢ ይከፈለዋል»

ለቫውቸርና ለመንግሥት ቤት መመዝገብ በነጻ ነው። የግል አፓርታማ ግን የማመልከቻ ክፍያ ሊጠይቅ ይችላል።

«ከተመዘገብኩ መጠበቅ ብቻ ነው»

ኦቶሪቲዎች በየጊዜው «አሁንም ትፈልጋላችሁ?» ብለው ይጠይቃሉ፤ መልስ ያልሰጠ ስም ይሰረዛል። የማውቃት አንዲት እናት ለዓመታት ተራ ስትጠብቅ ሦስት ጊዜ ቤት ቀየረች። ደብዳቤው የሄደው መጀመሪያ ወደኖረችበት ቤዝመንት ነበር።