የሙከራ ካሴቶች፦ ባሕር ዳር ላይ ሲገኙ እንዴት ይለያሉ፣ ዋጋቸውስ በምን ይተመናል?

ለሽያጭ ታስቦ ያልተሠራ የጌም ካሴት አለ። አምራቾቹ ለራሳቸው ሥራ ያዘጋጁት ነው፤ ሰብሳቢዎች በጥቅሉ የሙከራ ካሴት ይሉታል። ሁለት ዋና ዓይነት አለው። አንዱ የጠጋኝ ካሴት ነው፤ ሥራው ማጫወት ሳይሆን ማሽኑን መመርመር ነው። ሌላው ናሙና ነው፤ ጌሙ ተሠርቶ ሳያልቅ ለመፈተሻ የተቀዳበት።

የጠጋኝ ካሴት ሲሰካ የቀለም መስመሮች፣ የድምፅ መሞከሪያ ወይም የጆይስቲክ መፈተሻ ያሳያል። ኮሞዶር 64 ለተባለው የድሮ የቤት ኮምፒውተር የተሠራው በተለይ ይገርመኛል። የሚሰካው ኮምፒውተሩ ጭራሽ አልነሣ ሲል ነው። ስክሪኑ ጥቂት ሰከንድ ጨልሞ ይቆያል። የተበላሸ ሚሞሪ ካለ ብልጭ ድርግም ይላል። ጠጋኙ ብልጭታውን ቆጥሮ ከስምንቱ የሚሞሪ ቺፖች የትኛውን እንደሚነቅል ያውቃል።

ባሕር ዳር ላይ የቆየ ካሴት የሚፈለገው ቅዳሜ ገበያ አሮጌ ዕቃ መሐል፣ ቲቪ ጥገና ቤት መሳቢያ ውስጥ፣ ወይም ከውጭ የመጣ ዘመድ ትቶት በሄደው ሻንጣ ውስጥ ነው። እጅ የሚገባው በአብዛኛው ኮፒ ነው፤ «9999 በ1» የሚለው። ውስጡ ግን ያው ጥቂት ጌም ስሙ እየተቀያየረ ነው። እሱን ለትዝታ ያዙት እንጂ ብዙ ብር አያወጣም።

መለየት የሚጀምረው ከታች ያሉትን የመዳብ ጥርሶች በመቁጠር ነው። በ1983 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው) ጃፓን ውስጥ የወጣው ፋሚኮም የተባለው የኒንተንዶ ጌም ማሽን ካሴት 60 ጥርስ አለው። በ1985 አሜሪካ የገባው ደግሞ 72 ነው። እኛ ያደግንባቸው ርካሽ ማሽኖች ፋሚኮምን የቀዱ ስለሆኑ ካሴታቸው 60 ነው። 72 ከቆጠራችሁ ረጋ ብላችሁ እዩት፤ ከሌላ አገር ገበያ የመጣ ሊሆን ይችላል።

ቁርጡ የሚታወቀው ግን ሲከፈት ነው። ኮፒ ካሴት ውስጥ ብዙ ጊዜ የምታገኙት ቦርዱ ላይ የደረቀ ጥቁር ሙጫ የመሰለ ጠብታ ነው። ኦሪጅናሉ ላይ ጽሑፍ ያለባቸው አራት ማዕዘን ቺፖች ተደርድረው ይታያሉ። ናሙና ከሆነ ደግሞ ቺፑ መሐሉ ላይ ክብ የመስታወት መስኮት ሊኖረው ይችላል፤ አብዛኛውን ጊዜ በወረቀት ተሸፍኖ፣ ወረቀቱ ላይ በእጅ ስምና ቀን ተጽፎበት። ይህ ኢፕሮም ነው። ዶቭ ፍሮማን የተባለ መሐንዲስ ኢንቴል ውስጥ በ1971 የፈጠረው፣ ተጽፎበት ተሰርዞ እንደገና የሚጻፍበት ቺፕ ነው። (ፍሮማን በኋላ ጋና፣ ኩማሲ ሄዶ አስተምሯል። ይህን ሳውቅ ደስ ብሎኛል።)

ቺፑን የሚሰርዘው አልትራቫዮሌት ብርሃን ነው። ስለዚህ ወረቀቱን በፍጹም እንዳትልጡት። መስኮቱ ተገልጦ ቀጥታ ፀሐይ ላይ ቢውል፣ አምራቾቹ እንደሚገምቱት፣ አንድ ሳምንት አካባቢ ይበቃዋል። የፍሎረሰንት መብራት ደግሞ ሦስት ዓመት ገደማ ይፈጅበታል። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ከተማ ናት፤ ፀሐይዋም አትቻልም። ናሙና ካሴት ገበያ ውስጥ ፀሐይ ላይ ተዘርግቶ ማየት ያመኛል።

መስኮት ያለው ሁሉ ግን ናሙና አይደለም። ፋይል አውርዶ ባዶ ኢፕሮም ላይ መጻፍ ቀላል ስለሆነ ፎርጅዱ ብዙ ነው። ቺፑ ላይ ብዙ ጊዜ አራት አኃዝ ታትሞ ይገኛል፤ 8932 ማለት በ1989፣ በ32ኛው ሳምንት ተሠራ ማለት ነው። ጌሙ ገበያ ከወጣ በኋላ የተሠራ ቺፕ ከሆነ ጠርጥሩ። አሮጌ ቺፕ ፈልጎ የሚጽፍም ስላለ፣ ቀኑ ቢገጥም እንኳ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።

ዋጋውን ከሁሉ በላይ የሚወስነው ውስጡ ያለው ነው። ጭራሽ ያልወጣ ጌም ከሆነ ውድ ነው። ከወጣው የሚለይ ደረጃ ወይም ሥዕል ያለበት ይከተላል። ከተሸጠው ጋር አንድ የሆነው ርካሽ ነው። ቀጥሎ የሚጠየቀው ከማን እጅ እንደመጣ ነው፤ ስለዚህ ስትገዙ የሻጩን ታሪክ ጻፉት። በ1990 ለኒንተንዶ የዓለም ሻምፒዮና የተሠሩት 90 ግራጫና 26 ወርቃማ ካሴቶች በአሥር ሺዎች በሚቆጠር ዶላር የተሸጡት ቁጥራቸው ስለታወቀና አመጣጣቸው ስለተመዘገበ ጭምር ነው። በእነሱ ዋጋ የጠጋኝ ካሴትን መተመን ስህተት ነው።

ከመሸጥ በፊት ይዘቱን ማስቀዳት ያስፈልጋል። አንዳንዱ ሰብሳቢ ያልተቀዳ ካሴት ይወደዳል ብሎ ይደብቃል። እኔ አልስማማም፤ ኢፕሮም ከጊዜ ብዛት በራሱም ይጠፋል። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፖሊ ግቢ የሚማር የኤሌክትሮኒክስ ልጅ ካወቃችሁ፣ የቺፕ ማንበቢያ ማሽን የት እንዳለ ጠይቁት።

እስከዚያው በልጅነት እንደለመድነው ጥርሱ ላይ እፍ አትበሉ፤ የትንፋሽ እርጥበት መዳቡን ያዝገዋል። የሐይቁ ዳር የክረምት እርጥበትም አይጠቅመውም። አይሶፕሮፒል አልኮል ውስጥ በተነከረ ጥጥ ጠርጋችሁ፣ ደረቅ ካርቶን ውስጥ ከመስኮት አርቃችሁ አስቀምጡት።