ሪፍ ምንድን ነው? ሦስት ኖታ ዘፈን ሲሸከም

ሁለት የሄቪ ሜታል ሙዚቃ ወዳጆች ስለ አንድ ዘፈን ሲያወሩ ልብ ብላችሁ ስሙ። ግጥሙን አይጠቅሱም። ብዙ ጊዜ የዘፈኑ ርዕስም ይጠፋባቸዋል። አንዱ በአፉ «ዱን… ዱን… ዱዉዉን» ይላል፤ ሌላው ወዲያው «እሱን ነው የምልህ!» ብሎ ይቀጥልለታል። ያ በአፍ የሚባለው ነገር ነው ሪፍ።

ትንሽ ጠበቅ አድርገን እናስቀምጠው ከተባለ፣ ሪፍ ማለት አጭር የሆነ፣ እየተደጋገመ የሚመጣና ዘፈኑን በትከሻው የሚሸከም የሙዚቃ ሐረግ ነው። ከሶሎ ጋር አይምታታባችሁ። ሶሎ አንዴ መጥቶ ይሄዳል፤ ጊታሪስቱ ሙያውን የሚያሳይበት ነው። ተራ የኮርድ (አንድ ላይ የሚመቱ ኖታዎች) አጃቢነትም ሌላ ነው፤ እሱ ከዘፋኙ ኋላ ኋላ ይሄዳል። ሪፍ ፊት ይቀድማል። ብዙ የፖፕ ዘፈን ጊታሩን ብትቀንሱበት ዘፋኙ ብቻውን ይወጣዋል። ከሜታል ዘፈን ላይ ሪፉን ስታነሱ ግን እጃችሁ ላይ የሚቀረው ትንሽ ነው። የእንግሊዙን ባንድ የብላክ ሳባትን «አይረን ማን» ስሙት፤ ዘፋኙ ኦዚ ኦስቦርን የሪፉን ዱካ እየተከተለ ነው የሚዘፍነው።

ሪፍን ሜታል አልፈጠረውም። ብሉዝም ጃዝም ነበራቸው። ሜታል ያደረገው ነገር ቢኖር ጥግ ላይ የነበረውን እንግዳ አምጥቶ መሃል ማስቀመጥ ነው።

ግን ለምን እንዲህ ይከብዳል? ጩኸት ብቻ ቢሆን ድምፁን ከፍ ማድረግ ይበቃ ነበር። መጀመሪያ ዲስቶርሽን አለ። አምፕሊፋየሩ ከአቅሙ በላይ ሲገፋ የድምፁ ሞገድ ጫፉ ይቆረጣል፤ ከዋናው ድምፅ ጋር ሌሎች ትንንሽ ድምፆች አብረው ይፈለፈላሉ። በዚህ ላይ የተሟላ ኮርድ ብትመቱ ሁሉም እርስ በርሱ ተጋጭቶ ጭቃ ይሆናል። ጊታሪስቶች ያገኙት መላ መቀነስ ነው። ኮርዱን ደስተኛ ወይም ሐዘንተኛ የሚያደርገውን የመሃል ኖታ ያወጡትና መነሻውንና አምስተኛውን ብቻ ያስቀራሉ። የሁለቱ ንዝረት 2 ለ 3 ስለሚመጣጠን ዲስቶርሽኑ አያበላሻቸውም፤ ጭራሽ ያወፍራቸዋል። ፓወር ኮርድ የሚባለው ይህ ነው።

ከዚያ ደግሞ መዳፍ አለ። ክሩን የሚመታው እጅ የመዳፉን ጠርዝ ክሮቹ ጊታሩ ላይ የሚታሰሩበት አካባቢ ያሳርፍና ይመታል። ድምፁ አይዘልቅም፤ «ጁግ» ብሎ ይታፈናል። ፓልም ሚውት ይሉታል። መዳፉ ሲነሳ ድምፁ ይለቀቃል። ስፍር ቁጥር የሌለው የሜታል ሪፍ የተሠራው በእነዚህ ሁለቱ መፈራረቅ ነው። ታፈነ፣ ታፈነ፣ ተለቀቀ፣ ታፈነ። ጀማሪ ኖታውን ቶሎ ያገኘዋል፤ እንደ ቀረጻው ግን አይመጣለትም። እኔም ወራት ፈጅቶብኛል። ግራ እጄን ስወቅስ ከርሜ ጥፋተኛው ቀኙ ሆኖ ተገኘ።

ይሄ እንግዲህ መሣሪያው ነው። ሪፉ ራሱ ከየት ይመጣል የሚለው የበለጠ ያጓጓል። ለዚህ ከብላክ ሳባቱ ጊታሪስት ከቶኒ አዮሚ የተሻለ ምሳሌ የለም።

አዮሚ በ1948 የተወለደ የበርሚንግሃም ልጅ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። በርሚንግሃም የእንግሊዝ የፋብሪካ ከተማ ናት፤ እሱም ገና ወጣት ሳለ የብረት ላሜራ ፋብሪካ ውስጥ ይሠራ ነበር። በ17 ዓመቱ፣ ሥራውን ሊለቅ በመጨረሻዋ ቀን፣ ማሽን የቀኝ እጁን የመሃልና የቀለበት ጣት ጫፍ ቆረጠበት። ቀኙ ከሆነማ ምን ችግር አለው እንዳትሉ። አዮሚ ግራኝ ነው። ቀኝ እጁ ክሩን የሚጫንበት እጁ ነው። ሐኪሞቹ ጊታሩን እርሳው አሉት።

የፋብሪካው ኃላፊ አንድ ሸክላ ይዞለት መጣ። ልጁ ሙዚቃ የመስማት ልብ አልነበረውም፤ ሰውየው ግን አስጨንቆ አሰማው። የጃንጎ ራይንሃርት ሸክላ ነበር። ጃንጎ በ1928 በእሳት አደጋ የግራ እጁ ሁለት ጣቶች ተጎድተውበት፣ ሶሎዎቹን በአብዛኛው በቀሩት ሁለት ጣቶች የሚጫወት የጃዝ ጊታሪስት ነው።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። አድናቂዎች «እገሌ ተፅዕኖ አሳድሮበታል» ሲሉ ብዙ ጊዜ የድምፅ መመሳሰል ይፈልጋሉ። የሳባትን ሪፎች አገላብጣችሁ ብትሰሙ የጃንጎን ዜማ አታገኙም። አዮሚ ከዚያ ሸክላ የወሰደው «በሁለት ጣትም ይቻላል» የሚለውን ነው። ድምፁን የወሰደው ከሌላ ሰው ነው፤ በልጅነቱ ከሚወደው ሻዶውስ ከተባለው ባንድ ጊታሪስት ከሃንክ ማርቪን፣ ሲቀጥል ደግሞ ከብሉዝ። ሳባት ስሙን ከመቀየሩ በፊት «ኧርዝ» የሚባል የብሉዝ ባንድ ነበር።

ቀጥሎ የሆነው ከሙዚቃ ይልቅ የእጅ ሥራ ነው። የሳህን ማጠቢያ ፈሳሽ የነበረበትን ፕላስቲክ ጠርሙስ አቀለጠ። የጣት ቆብ አድርጎ ቀረጸው፣ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሰው፣ ከአሮጌ ጃኬት ቆዳ ቆርጦ ለበጠበት። ቆዳው ክሩን እንዲይዝለት ነው። ችግሩ በፕላስቲክ ጣት ክር አይዳሰስም። ምን ያህል እንደተጫናችሁ የሚነግራችሁ ነገር የለም። ስለዚህ ክሩ ራሱ መላላት ነበረበት። ቀጭን የጊታር ክር እንደ ልብ በማይገኝበት ዘመን የባንጆ ክር ገጠመ። በ1971 በወጣው «ማስተር ኦፍ ሪያሊቲ» አልበም ላይ ደግሞ በበርካታዎቹ ዘፈኖች ጊታሩን ከተለመደው ቅኝት በሦስት ግማሽ ቶን አወረደው (ግማሽ ቶን ከአንድ ኖታ ወደ ቀጣዩ ያለው ትንሹ እርምጃ ነው)። የወፍራሙ ክር ንዝረት በሰከንድ ከ82 ገደማ ወደ 69 ገደማ ወረደ ማለት ነው። ቤዝ የሚጫወተው ጊዘር በትለርም አብሮት ወረደ። ክሩ ላላ፣ ጣቱ አረፈ፣ ድምፁም ወፈረ። ዛሬ ቅኝት አውርዶ መጫወት ለሜታል ባንድ ደንብ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ክሩን የሚያላላው ልጅ ግን አሥሩም ጣቶቹ ጤነኛ ናቸው።

አሁን አንዲት የአዮሚን ሪፍ ቀረብ ብለን እንያት። የሳባት የመጀመሪያ አልበም ፌብሩዋሪ 13 ቀን 1970 ወጣ። በባንዱ ስም በተጠራው ዘፈን ይከፈታል። ዝናብ፤ የሩቅ ደወል፤ ከዚያ ሦስት ኖታ። ጂ። አንድ ኦክታቭ ከፍ ያለ ጂ፣ ማለትም ያው ኖታ በእጥፍ ንዝረት። ከዚያ ወርዶ ሲ ሻርፕ፤ እዚህ ላይ ጣቱን ያርገበግበዋል። በቃ። ጊታር ይዞ የማያውቅ ሰው በአንድ ከሰዓት ሊማራት ይችላል። ግን ከጂ እስከ ሲ ሻርፕ ያለውን ርቀት ተመልከቱ። ስድስት ግማሽ ቶን ነው፤ ኦክታቭ ልክ ለሁለት ሲከፈል። ትራይቶን ይባላል። ጆሮ የሚያርፍበት ቦታ ይፈልጋል፣ ይህ ርቀት አያሳርፈውም። በር ከፍቶ ሳይገባ ቆሞ የሚያይ ሰው ዓይነት ነው። በላቲን «በሙዚቃ ውስጥ ያለ ዲያብሎስ» የሚል ቅጽል ወጥቶለታል። ቤተ ክርስቲያን አግዳው ነበር የሚባለውን ግን ቀነስ አድርጋችሁ ስሙት። የድሮ መምህራን ለመዝፈን ስለሚያስቸግር ሽሹት ይሉ ነበር፤ ወሬው በኋላ በአፍ እየገዘፈ መጣ።

ሪፏ ከየት መጣች? በትለር የእንግሊዛዊውን አቀናባሪ የጉስታቭ ሆልስትን «ፕላኔቶቹ» ይወድ ነበር። ከ1914 እስከ 1916 ለኦርኬስትራ የተጻፈ ሥራ ነው፤ የሚጀምረውም በማርስ ነው፣ በጦርነት አምጪው። በትለር የማርስን ዜማ በቤዝ ይሞክራል፤ በማግስቱ አዮሚ ያቺን ሪፍ ይዞ ይመጣል። ሁለቱን አከታትላችሁ ስሟቸው። ማርስ በአምስት ምት እየተገፋ ይገሰግሳል፤ ሪፏ እግሯን እየጎተተች ትመጣለች። የተረፈው ያ የማያሳርፈው ርቀት ብቻ ነው።

ማርስ በሌላ በርም ገብቷል። በ1980 ዳይመንድ ሄድ የተባለ የእንግሊዝ ባንድ «አም አይ ኢቭል?» የሚል ዘፈን አወጣ። መግቢያው ማርስን የተንተራሰ ነው። የባንዱ ጊታሪስት ብራያን ታትለር ደግሞ ሪፉን ሲጽፍ ከሳባት «ሲምፕተም ኦፍ ዘ ዩኒቨርስ» የከበደ ነገር ፈልጎ እንደነበር ተናግሯል። በ1984 የአሜሪካው ባንድ ሜታሊካ ያንኑ ዘፈን ደግሞ ተጫወተው። እንግዲህ ሜታሊካ ብቻ ነው የምሰማው የሚል ልጅ ሳያውቀው ሆልስት ቤት ደርሶ ተመልሷል።

ለዚህ ነው «ይሄ ሪፍ የተሰረቀ ነው» የሚለው ክርክር የሚያደክመኝ። ያሉት ኖታዎች 12 ናቸው። በፓወር ኮርድ ሲሆን እጅ የሚወዳቸው ቦታዎች ደግሞ ከዚያም ያንሳሉ። መመሳሰል አይቀርም። ሰውየውን ማወቅ የፈለገ ኖታውን ትቶ ምቱንና መዳፉን ይስማ።

የሜታሊካውን ዘፋኝና ጊታሪስት ጄምስ ሄትፊልድን ውሰዱ። በ1986 የወጣው «ማስተር ኦፍ ፐፔትስ» ሪፍ ፍጥነቱ የታወቀ ነው፤ እሱ ግን ፒኩን (የክር መምቻውን) ከላይ ወደ ታች ብቻ ነው የሚመታው። ወደ ታችና ወደ ላይ እያፈራረቁ መምታት በጣም ይቀላል። ነገር ግን ወደ ላይ የሚመለሰው ምት ትንሽ ይሳሳል። ሁሉም ወደ ታች ሲሆን እያንዳንዱ ምት እኩል ይወርዳል፣ እንደ መዶሻ። ይህንን አመታት ከእሱ በፊት በፓንክ ሮክ የራሞንስ ባንድ ጊታሪስት ጆኒ ራሞን ይጫወትበት ነበር። ሁለቱ አንድ ዓይነት ኖታ ባይኖራቸውም ክንዳቸው ይዛመዳል። እኔ አንዴ ልሞክረው ብዬ ደቂቃ ሳይሞላ ክንዴ ድንጋይ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ሰውየውን አከብረዋለሁ።

የሜታል ባንዱ የስሌየር ጊታሪስት ጄፍ ሃነማንም ከዚያው ከፓንክ ሰፈር፣ ፈጠን ጠንከር ካለው ቅርንጫፉ ከሃርድኮር ነው የቀዳው። በ1986 የወጣው «ሬይን ኢን ብለድ» 29 ደቂቃ ገደማ ብቻ መሆኑ ያለ ምክንያት አይደለም። ሪፉ መጥቶ የሚለውን ይላል፣ ይሄዳል።

አንድ ነገር ልጨምር። ሪፍ ሁልጊዜ በጻፈው ሰው እጅ አያልቅም። በ1991 የወጣው የሜታሊካ «ኤንተር ሳንድማን» ሪፍ የባንዱ ሌላው ጊታሪስት የከርክ ሃሜት ነው። በዚያ ሰሞን ሳውንድጋርደን የተባለውን ባንድ «ላውደር ዛን ላቭ» አልበም ይሰማ ነበር፤ ያንን ክብደት ፈልጎ ነው የጻፈው። ሲያመጣው ግን አሁን እንደምናውቀው አልነበረም። አንድ ሐረግ፣ ወዲያው የሚከተለው ጅራት፣ ደግሞ ሐረግ፣ ደግሞ ጅራት። ድራመሩ ላርስ ኡልሪክ ሰማና የመጀመሪያውን ክፍል ሦስት ጊዜ ድገመው፣ ጅራቱን መጨረሻ ላይ ብቻ አምጣው አለው። አንድም ኖታ አልተጨመረም። የተቀየረው ጅራቱ እስኪመጣ መቆየቱ ብቻ ነው።

ዘፈኑን ክፈቱና ቁጠሩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፤ ከዚያ ጅራቱ ይመጣል። ዝጉትና ደግሞ የመጀመሪያውን፣ ሃሜት ያመጣውን፣ በአፋችሁ ሞክሩት።