ባሪ ቦንድስ፦ ኳሷ ገብታ እሱ የቀረበት በር

በ1998 ግንቦት ወር ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። በአሜሪካ የቤዝቦል ሊግ አሪዞና ሳን ፍራንሲስኮን 8 ለ 6 እየመራ ጨዋታው ሊያልቅ አንድ መቺ ማስወጣት ብቻ ቀርቶታል። ሦስቱም ቤዞች ላይ፣ ማለትም ሯጭ ነጥብ ለማስቆጠር በየተራ የሚረግጣቸው ማረፊያዎች ላይ፣ የሳን ፍራንሲስኮ ሯጮች ቆመዋል። መምቻውን ይዞ የመጣው ባሪ ቦንድስ ነው። የአሪዞናው አሰልጣኝ ባክ ሾዋልተር አሰበና ወርዋሪውን አራት ኳስ ሆን ብሎ ወደ ውጭ እንዲወረውር አዘዘው። በሕጉ መሠረት ቦንድስ በነጻ ወደ አንደኛው ቤዝ ሄደ፣ ሯጮቹም ተገፍተው አንዱ ነጥብ አስቆጠረ። 8 ለ 7። ቀጣዩ መቺ ወጣ፣ አሪዞና አሸነፈ። ነጥብ በእጅ ሰጥቶ ከአንድ ሰው መሸሽ በቤዝቦል ብዙም አይታይም።

ቦንድስ የተወለደው በ1964 ካሊፎርኒያ ውስጥ ነው። አባቱ ቦቢ ቦንድስ ስመ ጥር ተጫዋች ነበር። የክርስትና አባቱ ደግሞ ታላቁ ዊሊ ሜይስ ነው። በ1986 ለፒትስበርግ ፓይሬትስ መጫወት ሲጀምር ቀጭንና ፈጣን ልጅ ነበር። ከ1993 ጀምሮ እስከ መጨረሻው ለሳን ፍራንሲስኮ ጃያንትስ ተሰለፈ። የሊጉ ኮከብ ተጫዋች የሚባለውን ሽልማት ሰባት ጊዜ ወስዷል፤ ሦስቱን ያገኘው ገና ማንም ሳይጠረጥረው፣ እስከ 1993 ባሉት ዓመታት ነው። ሆም ረን ማለት ኳሷን ከሜዳው አጥር አሳልፎ መምታት ነው፤ እሱ 762 መትቷል። 514 ቤዝ ደግሞ ሰርቋል፣ ማለትም ኳሷ ሳትመታ በሩጫ ቀድሞ ቀጣዩን ቤዝ ይዟል። በሁለቱም 500 ያለፈ ሌላ ሰው የለም።

የጃያንትስ ሜዳ ከባሕሩ ዳር ነው። ቦንድስ ሊመታ ሲወጣ ሰዎች በትናንሽ ጀልባ ከአጥሩ ጀርባ ውኃው ላይ ይጠብቃሉ። ኳሷ ጠብ ስትል መረባቸውን ይዘው ይቀዝፋሉ። 35 ጊዜ እንዲህ ውኃ ውስጥ ከቷታል።

ጥርጣሬው የመጣው ከ2001 በኋላ ነው። በዚያ ዓመት 73 ሆም ረን መታ፣ ሪከርዱም እስካሁን አልተነካም። ችግሩ፣ 37 ዓመት የሞላው በዚያው የውድድር ዘመን መሆኑ ነው። በዚህ ዕድሜ ሌላው ይደክማል፤ እሱ ግን ጡንቻው ፈርጥሞ ጭራሽ ጠነከረ። በ2003 መርማሪዎች ከሳን ፍራንሲስኮ አቅራቢያ የነበረውን ባልኮ የተባለ ድርጅት ፈተሹ። በምርመራ የማይታይ አበረታች ቅመም ለስፖርተኞች ያቀርብ ነበር። አትሌቲክስ የሚወድ አንባቢ የአሜሪካዊቷን ሯጭ የማሪዮን ጆንስን ጉድ ያስታውሳል፤ እሷም ከዚሁ ድርጅት ጋር ነው ስሟ የተነሳው።

ቦንድስ ለመርማሪ ዳኞች ሲናገር የግል አሰልጣኙ የሰጠው ነገር የተልባ ዘይትና ለመገጣጠሚያ ሕመም የሚቀባ ክሬም እንደመሰለው ገለጸ። ተልባ! እኛ ዘንድ ለሆድ ድርቀት የሚጠጣው መሆኑ ነው። እኔ በበኩሌ ይህን ለማመን ይቸግረኛል። በ2007 በሐሰት ምስክርነትና ፍትሕን በማደናቀፍ ተከሰሰ። የግል አሰልጣኙ አልመሰክርም ብሎ እስር ቤት ገባ። በ2011 ዳኞቹ በሐሰት ምስክርነቱ ላይ መስማማት አቃታቸው፤ በማደናቀፉ ጥፋተኛ ቢባልም በ2015 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ሻረው። በሕግ ፊት ንጹሕ ነው ማለት ነው።

ሊጉም ቢሆን እጁ ንጹሕ አይደለም። በ1994ቱ የተጫዋቾች አድማ የራቀውን ተመልካች በ1998 የመለሰው የማርክ ማግዋየርና የሳሚ ሶሳ የሆም ረን ፉክክር ነበር። ማግዋየር በኋላ አበረታች ቅመም መጠቀሙን አምኗል። ያኔ ግን ስታዲየሙ ሞልቶ ነበርና አለቆቹ አይተው እንዳላዩ አለፉ። ተጫዋቾቹን መመርመር የጀመሩት በ2003 ነው።

ኩፐርስታውን ወዳለው የቤዝቦል የክብር አዳራሽ ለመግባት ከጋዜጠኞች 75 በመቶ ድምፅ ያስፈልጋል። ቦንድስ በ2013 36.2 በመቶ አገኘ። በአሥረኛውና በመጨረሻው ዕድሉ፣ በ2022፣ 66 በመቶ ላይ ቀረ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ሌላ ኮሚቴ አይቶት እሱም አላስገባውም።

የሃንክ አሮንን የዕድሜ ልክ የሆም ረን ሪከርድ የሰበረባት 756ኛዋ ኳስ ግን ሌላ ዕጣ ገጠማት። ማርክ ኤኮ የተባለ የልብስ ዲዛይነር በ752,467 ዶላር ገዛትና ምን ላድርጋት ብሎ ሕዝቡን በኢንተርኔት አስመረጠ። የኮከብ ምልክት ይደረግባት ተባለ፤ በአሜሪካ ስፖርት ይህ ምልክት «ቁጥሩ ጥያቄ አለበት» እንደማለት ነው። ኳሷ ምልክቷን ይዛ በ2008 ኩፐርስታውን ገባች።